የኤክሴል ስም ዝርዝርን በኮድ ወደ አውትሉክ አድራሻ ደብተር ማስገባት

በብዙ መሥሪያ ቤቶች በኤክሴል የተቀመጠ የስም ዝርዝር አይጠፋም፤ የአባላት፣ የደንበኞች፣ የአቅራቢዎች ወይም የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ሊሆን ይችላል። ስሙም፣ ስልኩም፣ ኢሜይሉም አለ። ሆኖም ደብዳቤ በተላከ ቁጥር አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ አድራሻ እየቀዳ ይለጥፋል። ዝርዝሩ አንድ ጊዜ አውትሉክ ውስጥ ቢገባ ይህ ድካም ይቀራል። በእጅ ማስገባት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፤ ስህተትም ይበዛበታል። ስለዚህ ኤክሴል ውስጥ ባለው፣ ቪቢኤ በሚባለው የኮድ ቋንቋ አውትሉክን እያዘዙ እውቂያዎችን በኮድ እንዴት እንደሚፈጥሩ ደረጃ በደረጃ እንይ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበል። ኮዱ አጭር ነው፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ትልቁ ሥራ ያለው ዝርዝሩን በማጽዳትና የእኛን ስም በትክክለኛው ቦታ በማስቀመጥ ላይ ነው። አውትሉክ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እንዳለ ከተዉት የሥራ ባልደረባዎን በአያቱ ስም መዝግቦ ያስቀምጥልዎታል።

የትኛው አውትሉክ እንዳለዎት ይለዩ

አሁን በዊንዶውስ ላይ አውትሉክ የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ከኦፊስ ጋር ሲጫን የኖረው፣ ክላሲክ የሚሉት ነባሩ አውትሉክ ነው። ሌላው ማይክሮሶፍት በቅርብ ዓመታት ያመጣው አዲሱ አውትሉክ ነው። አዲሱ ማክሮ (በቪቢኤ የተጻፈ ኮድ) አይቀበልም፤ ከኤክሴል በኮድ ሊታዘዝም አይችልም። በመስኮቱ የላይኛው ቀኝ ጥግ «ኒው አውትሉክ» የሚል ማብሪያ በርቶ ካዩ ያጥፉትና ወደ ነባሩ ይመለሱ። አዲሱ ብቻ ካለዎት ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅምዎ ዝርዝሩን የማጽዳቱ ክፍል ነው፤ የጸዳውን ዝርዝር በሲኤስቪ ፋይል አስቀምጠው ከእውቂያዎች ገጽ ላይ ማስገባት ይችላሉ።

የምንጠቀምበት የአውትሉክ ኦብጀክት ላይብረሪ ረጅም ዕድሜ አለው። አውትሉክ 97 ከወጣ ጀምሮ እየዳበረ የመጣ ነው። ቪቢኤ ደግሞ ኤክሴል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ማይክሮሶፍት ነባሩን አውትሉክ ቢያንስ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 እንደሚደግፍ አስታውቋል። ስለዚህ ዝርዝርን አንድ ጊዜ ለማዛወር ወይም በየወሩ ለማደስ አስተማማኝ መሣሪያ ነው። ለዓመታት የሚቆይ ትልቅ ሥርዓት የሚገነባ ሰው ግን ማይክሮሶፍት ግራፍ ወደሚባለው አዲስ የኮድ መገናኛ ቢሄድ ይሻለዋል። ከቀድሞ ሠራተኛ የተረከቡት ኮድ «ሲዲኦ 1.21» የሚባለውን ላይብረሪ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ሊጠግኑት አይድከሙ። ከአውትሉክ 2010 ጀምሮ ድጋፍ የለውምና እንደ አዲስ መጻፉ ይቀላል።

ዝርዝሩን ያጽዱ

አዲስ የኤክሴል ፋይል ይክፈቱና ዓምዶቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያዘጋጁ፦ 1 ማዕረግ (አቶ፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር)፣ 2 የራስ ስም፣ 3 የአባት ስም፣ 4 የአያት ስም፣ 5 ድርጅት፣ 6 የሥራ ኃላፊነት፣ 7 ሞባይል፣ 8 የቢሮ ስልክ፣ 9 ኢሜይል፣ 10 ውጤት። አሥረኛውን ዓምድ ባዶ ይተዉት፤ ኮዱ ራሱ ይሞላዋል። ፋይሉን ማክሮ መያዝ በሚችለው የኤክሴል ዓይነት በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡት። ማክሮ ያለበትን ፋይል ከኢንተርኔት ወይም ከኢሜይል ካወረዱት ኦፊስ ማክሮውን ያግድብዎታል።

ቀጥሎ የፊደሉን ነገር ያረጋግጡ። የቆዩ ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ የተተየቡት ዩኒኮድ ባልነበሩት የድሮ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ነው። በእነዚያ ፎንቶች በዓይን የሚታየው አማርኛ ይሁን እንጂ ከሥር የተቀመጠው የላቲን ምልክት ነው። ወደ አውትሉክ ሲሻገር የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ስሙ ያለበትን ሕዋስ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኢብሪማ ይቀይሩ። አማርኛው እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ ግን ዝርዝሩን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ሳያመጡ አንድ እርምጃ አይቀጥሉ።

ከስሙ በፊትና በኋላ የተረፈ ባዶ ቦታም ያስቸግራል። በዓይን አይታይም፤ ኮዱ ግን «ሰላም» እና ባዶ ቦታ የተከተለውን «ሰላም» እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ያያቸዋል። «ትሪም» የሚባለው ትእዛዝ ይህን ስለሚያጸዳ ከሕዋስ የሚነበበውን ሁሉ በእሱ ያሳልፉ።

ስልክ ቁጥር

ኤክሴል ስልክን እንደ ሒሳብ ቁጥር ያየዋል። 09 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሲጽፉለት መነሻ ዜሮውን ይጥላል፤ 251 ብለው በሙሉ ከጻፉለት ደግሞ አንዳንዴ በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳጥሮ ያሳያል። አዲስ ዝርዝር የሚሞሉ ከሆነ የስልክ ዓምዶቹን አስቀድመው ወደ «ቴክስት» ይቀይሯቸው። ዜሮው አስቀድሞ የጠፋ ከሆነም አይጨነቁ፤ በኮዱ ይመለሳል።

ሁሉም ቁጥር በ+251 እንዲጀምር ማድረግ ይበጃል፤ ያኔ ዝርዝሩ ከስልክ ጋር ሲናበብ ከውጭ አገርም መደወል ይቻላል። የኮዱ ሕግ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶ ቦታውንና ሰረዙን ያስወግዳል። ከዚያ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ሆኖ በ09፣ በ07 ወይም በ011 ከጀመረ ዜሮውን በ+251 ይተካል። ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ በ9፣ በ7 ወይም በ11 ከጀመረ +251ን ከፊቱ ይጨምራል። አሥራ ሁለት አኃዝ ሆኖ በ251 ከጀመረ የመደመር ምልክቱን ብቻ ያስቀድማል። የመደመር ምልክት ያለውን እንዳለ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ማሰብ ያለብዎት ዝርዝሩ ውስጥ ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ካሉ ነው። የእስራኤል፣ የሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሞባይል ቁጥሮች በአገር ውስጥ አጻጻፋቸው በ05 ይጀምራሉ፤ አኃዛቸውም እንደ እኛው አሥር ነው። የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ 058 ነው፤ በ058 የሚጀምር ሞባይል በእስራኤልም በዱባይም አለ። ኮዱ ሁለቱን ሊለይ አይችልም። «በዜሮ የጀመረ ሁሉ የኢትዮጵያ ነው» ብለው ከጻፉት ቴል አቪቭ ያለችውን እህት ቁጥር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የክልል ስልክ ያደርገዋል። ስለዚህ ከላይ ከተዘረዘሩት ውጭ የሆነውን ሁሉ ኮዱ ሳይነካ ይተወውና ለሰው ዓይን ምልክት ያድርግበት።

ስም የት ይገባል

አውትሉክ ለስም ሦስት ዋና መስኮች አሉት፤ «ፈርስትኔም»፣ «ሚድልኔም» እና «ላስትኔም»። ከእነዚህ ሌላ «ፉልኔም» የሚባል አለ። ሙሉ ስም ሲሰጡት ራሱ ቆራርጦ በሦስቱ መስኮች ያከፋፍላል። ብዙ ሰው ኮዱን ለማሳጠር ብሎ ፉልኔምን ይጠቀማል። ለአማርኛ ስም ይህ አይሆንም፤ ምክንያቱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፣ «አልማዝ ተሰማ ወልዴ» ብለው ቢሰጡት ወልዴን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ከዚያም ሰው የሚፈለግበትን መስክ፣ «ፋይልአዝ» የሚባለውን፣ እንደ ተለመደው «ወልዴ, አልማዝ ተሰማ» ብሎ ይሞላዋል። አልማዝን የሚፈልግ ሰው አ ሥር አያገኛትም፤ ወ ሥር በአያቷ ስም ተቀምጣለች። ሁለተኛው፣ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ጊዮርጊስና ኃይለ ማርያምን የመሰሉ ስሞች ተለያይተው ሲጻፉ እንደ ሁለት ስም ይቆጥራቸዋል። ገብረ አንድ ቦታ፣ መድኅን ሌላ ቦታ ይሄዳል።

እኔ የምመክረው ፉልኔምን ጨርሶ አለመንካት ነው። የራስን ስም በፈርስትኔም፣ የአባትን ስም በላስትኔም ያስገቡ። ሚድልኔምን ባዶ ይተዉት። የአያት ስም ካስፈለገ ከአባት ስም ጋር አያይዘው እዚያው ላስትኔም ውስጥ ያስቀምጡት። የአባትን ስም በመካከለኛው፣ የአያትን በመጨረሻው መስክ የሚያስገቡ አሉ። ችግሩ በዝርዝሩ ውስጥ የአያት ስም ያልተጻፈላቸው ሰዎች መኖራቸው አይቀርም፤ ያኔ የግማሹ ሰው የአባት ስም አንዱ መስክ ላይ፣ የግማሹ ሌላው ላይ ይሆናል። ማዕረጉን «ታይትል» በሚባለው መስክ ለብቻው ያስገቡ።

በመጨረሻ ፋይልአዝን እርስዎ ራስዎ ይሙሉት፤ የራስ ስም፣ ባዶ ቦታ፣ የአባት ስም፣ ያለ ማዕረግ። ማዕረግ ከፊት ከገባ ወንዱ ሁሉ «አቶ» ብሎ አ ሥር፣ ሴቱ ሁሉ «ወ/ሮ» ብሎ ወ ሥር ይከማቻል። ፋይልአዝ የሚሞላው ሌሎቹ የስም መስኮች ከተሞሉ በኋላ መሆኑን አይርሱ። አስቀድመው ከሞሉት አውትሉክ ሌሎቹን ስሞች ሲያገኝ በራሱ ቅደም ተከተል ሊቀይርብዎት ይችላል።

ኮዱን መጻፍ

ከመነሣትዎ በፊት መጠባበቂያ ይያዙ። በአውትሉክ «ፋይል» ውስጥ ባለው የማስገቢያና ማውጫ ምርጫ የእውቂያ ማኅደሩን ወደ አውትሉክ ዳታ ፋይል ያውጡት። ከዚያም በእውቂያዎች ማኅደር ሥር «ቴስት» የሚል ንዑስ ማኅደር በላቲን ፊደል ይፍጠሩ። ለምን በላቲን እንዳልኩ ወዲያው ይገባዎታል።

ኤክሴል ላይ አልት እና ኤፍ 11ን አብረው ሲጫኑ የቪቢኤ መጻፊያው ይከፈታል። ከ«ቱልስ» ዝርዝር «ሪፈረንስስ»ን ይምረጡና «ማይክሮሶፍት አውትሉክ 16.0 ኦብጀክት ላይብረሪ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ቁጥሩ 16.0 የሚሆነው በኦፊስ 2016፣ 2019፣ 2021 እና በ365 ነው። ይህን ማድረግዎ ሥራውን በጣም ያቀልልዎታል። የአንድን ነገር ስም ጽፈው ነጥብ ሲያደርጉ መጻፊያው ያሉትን መስኮችና ትእዛዞች ዘርዝሮ ያወጣልዎታል፤ እርስዎ መምረጥ ብቻ ነው። እዚህ በአማርኛ ፊደል የጻፍኳቸውን የትእዛዝ ስሞች በሙሉ በዚያ ዝርዝር ላይ ያገኟቸዋል። ኤፍ 2ን ቢጫኑ ደግሞ የላይብረሪው ሙሉ ይዘት ይከፈታል።

አንድ ትልቅ ማሳሰቢያ አለ። የቪቢኤ መጻፊያ አማርኛ አያውቅም። ኮዱ ውስጥ በጥቅስ የአማርኛ ቃል ቢለጥፉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል፤ አውትሉክ ውስጥም የሚገባው ጥያቄ ምልክቱ ነው። ኮዱ ከሕዋስ አንብቦ የሚያሻግረው አማርኛ ግን ምንም አይሆንም። ስለዚህ አማርኛው በሙሉ በሕዋሶች ውስጥ ይኑር፤ ኮዱ ውስጥ የረድፍና የዓምድ ቁጥር ብቻ ይቀመጥ። የማኅደሩን ስም በላቲን ያስደረግኩዎትም ለዚሁ ነው። በውጤት ዓምዱም ላይ ከቃል ይልቅ ቁጥር ይጠቀሙ፦ 1 ገብቷል፣ 2 አስቀድሞ ነበረ፣ 3 ሰው ይየው።

አሁን «ኢንሰርት» ከሚለው ዝርዝር «ሞጁል» ይምረጡና ኮዱን በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ።

በቅድሚያ የአውትሉክ «አፕሊኬሽን» ኦብጀክት ይፍጠሩ። ከእሱ «ሴሽን»፣ ከሴሽን «ጌትዲፎልትፎልደር» ይጥሩና 10 ቁጥርን ይስጡት፤ 10 የእውቂያዎች ማኅደር መለያ ነው። ከዚያ በ«ፎልደርስ» በኩል የሙከራ ማኅደርዎን ይያዙ። ብዙ ምሳሌዎች ላይ «ክሪኤትአይተም» የሚለውን ትእዛዝ በ2 ቁጥር ሲጠሩት ያያሉ፤ እሱም እውቂያ ይፈጥራል፤ የሚያስቀምጠው ግን ዋናው ማኅደር ውስጥ ነው። በመረጡት ማኅደር ውስጥ እንዲቀመጥ ከፈለጉ የማኅደሩን «አይተምስ» ይዘው «አድ» ይበሉ።

ቀጥሎ የመጨረሻውን ረድፍ ይፈልጉ። የሚፈለገው በዓምድ 2 ላይ ይሁን፤ ኢሜይል የሌለው ሰው ይኖራል፣ የራስ ስም የሌለው ግን አይኖርም። ከረድፍ 2 እስከዚያ ድረስ የሚሄድ ዙር ይጻፉ።

በዙሩ ውስጥ ኢሜይሉን ያንብቡና፣ ባዶ ካልሆነ፣ ሰውዬው አስቀድሞ መኖሩን በ«ፋይንድ» ያረጋግጡ። በማጣሪያው ውስጥ የመስኩ ስም፣ «ኢሜይል1አድረስ»፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ፣ አድራሻው ደግሞ በነጠላ ጥቅስ ይገባል። ካለ በዓምድ 10 ላይ 2 ይጻፉና ወደሚቀጥለው ረድፍ ይለፉ። በስም ለማመሳከር ፈጽሞ አይሞክሩ። አንዱ ኃይሉ፣ ሌላው ኀይሉ፣ ሦስተኛው ሀይሉ ብሎ ይጽፋል፤ ጸሐይና ፀሐይ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንዲሁ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ስላለው ሦስት የተለያየ ሰው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ማውጫ ተቀድተው የተቀመጡ እውቂያዎች ላይ ግን ፋይንድም ሊስት ይችላል፤ እነሱ ከተለመደው ኢሜይል ይልቅ ረጅም የኤክስቼንጅ መለያ ይዘው ሊሆን ይችላል።

ካልተገኘ አዲሱን እውቂያ ይፍጠሩና መስኮቹን ይሙሉ። ታይትል፣ ፈርስትኔም፣ ላስትኔም፤ ድርጅቱ በ«ካምፓኒኔም»፣ ኃላፊነቱ በ«ጆብታይትል»፣ ሞባይሉ በ«ሞባይልቴሌፎንነምበር»፣ የቢሮው በ«ቢዝነስቴሌፎንነምበር»፣ አድራሻው በኢሜይል1አድረስ ይገባል። ፋይልአዝ በስተመጨረሻ። ቀጥሎ «ካቴጎሪስ» በሚለው መስክ ለዚህ ዙር የተለየ መለያ ይስጡ፤ መለያውን በሌላ ሕዋስ ጽፈው ከዚያ ያስነብቡት። ይህች አንድ መስመር ስህተት ሲገኝ ታድንዎታለች። በኮድ የገቡትን በሙሉ በመለያቸው ሰብስበው በአንድ ጊዜ መሰረዝ ይችላሉ፤ ከድሮዎቹ አንድም አይነካም። ሁሉም ከተሞላ «ሴቭ» ይበሉና በዓምድ 10 ላይ 1 ይጻፉ። ስልኩ አጠራጣሪ ከሆነ ግን 3 ይጻፉ።

ስህተት ሲያጋጥም ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርገውን «ኦን ኤረር ሪዚውም ኔክስት» የሚል ትእዛዝ በኮዱ አናት ላይ አያስቀምጡ። ኮዱ ሳይቆም ይጨርሳል፤ የትኛው ሰው እንደቀረ ግን አያውቁም።

ሲያስኬዱት

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ረድፍ ብቻ ይዘው በኤፍ 8 መስመር በመስመር ያስኬዱት። አውትሉክ ውስጥ ገብተው እያንዳንዱን እውቂያ ይክፈቱና በዓይንዎ ይመልከቱ፤ በተለይ ፋይልአዝን። የገብረ መድኅንን ስም የያዘ አንድ ረድፍና የውጭ ስልክ የያዘ አንድ ረድፍ ከሙከራው ውስጥ ይኑሩበት። እነዚህ ደህና ከሆኑ ኮዱን ከሙከራ ማኅደሩ ወደ ዋናው የእውቂያዎች ማኅደር ያዙሩና ሙሉውን ይልቀቁት።

ኮዱ አድራሻ ሲያነብ አውትሉክ «አንድ ፕሮግራም የኢሜይል አድራሻዎችዎን ሊያገኝ እየሞከረ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ጥበቃ የመጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ካዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» ከተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በኋላ ነው። ያ ፕሮግራም የተስፋፋው የአውትሉክን አድራሻ ደብተር አንብቦ በውስጡ ላሉት ሁሉ ራሱን በመላክ ነበር፤ እርስዎ አሁን በሚጠቀሙበት በዚሁ ዓይነት መንገድ። ከአውትሉክ 2007 ወዲህ ማስጠንቀቂያው በአብዛኛው የሚወጣው ጸረ ቫይረሱ ሲጠፋ ወይም ሳይታደስ ሲቀር ነው። ስለዚህ ጸረ ቫይረሱን ያድሱ፤ ወይም በመስኮቱ ላይ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ብቻ ይፍቀዱ። ማስጠንቀቂያውን ለዘለቄታው የሚዘጋውን ምርጫ አይንኩት።

ሁሉም ገብቶ አድራሻ ደብተሩ ላይ ካልታየ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የማኅደሩን ባሕርያት ከፍተው «እንደ ኢሜይል አድራሻ ደብተር አሳይ» የሚለው ምልክት እንዳለበት ያረጋግጡ። ከዚህ ሌላ፣ ኢሜይል የሌለው ሰው እውቂያዎች ውስጥ ይኖራል እንጂ አድራሻ ደብተሩ ላይ አይወጣም። ስሞቹ አሁንም በአባት ስም ተደርድረው ከመጡ በአካውንት ቅንብሮች ውስጥ አድራሻ ደብተሩ ስሞችን በፋይልአዝ እንዲያሳይ ያዝዙት።

የተዘጋጀው ፋይል በአንድ ቦታ የተሰበሰበ የሰዎች ስም፣ ስልክና ኢሜይል ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ስለዋለ የዚህ ዓይነት መረጃ አያያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ፋይሉን በቴሌግራም አያዟዙሩት፤ በይለፍ ቃል ይቆልፉት፤ ሙከራው ሲያበቃ የሙከራ ማኅደሩንና ትርፍ ቅጂዎቹን ይሰርዙ። ስሜን አውጡልኝ የሚል ሰው ከመጣም በዚያው ቀን ያውጡለት።